ጀበናው የገነፈለበት መጽሐፍ

መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደንቡን ዛሬ ጻፍኩት። በዚህ ዓመት 24 የፍቅር ልብ ወለዶችን አነባለሁ፤ በወር ሁለት ማለት ነው። ጳጉሜን ሲገባ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩትን አንድ፣ ከሁሉም ያልወደድኩትን አንድ መርጬ ምክንያቱን እጽፋለሁ።

ይህን ሥራ ያመጣብኝ አንድ ባልደረባዬ ነው። በማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ሻይ ስንጠጣ «ይህን ሁሉ መጽሐፍ ስታነቢ ኖረሽ ከፍቅር ታሪክ የምትወጂው የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ተያዘ። የትኛው መጽሐፍ ላይ «ዓይን» እና «ዐይን» ተቀላቅሎ እንደታተመ በቃሌ አውቃለሁ፤ የትኛው ሆዴን እንዳባባው ግን ትዝ አላለኝም።

የምናነበው ጮክ ብለን ነው። እናቴ ሁለቱም ዐይኖቿ በሞራ ግርዶሽ ከተያዙ ወዲህ ፊደል አይታያትም። ስለዚህ ማታ ማታ እሷ ቡና ስታፈላ እኔ አነባለሁ። ቡናውን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም፤ በዳሰሳና በጆሮዋ ታፈላዋለች። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ እሷ ያንን ሰምታ ከምድጃው ብድግ ታደርገዋለች።

የነጥብ መስጫ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አምስት ዐምድ አለው፦ ታሪክ፣ ሰዎቹ፣ ቋንቋ፣ ፍጻሜ፣ እንባ። እያንዳንዱ ከ20 ይያዛል። ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። «እኔ ነጥብ መስጠት አላውቅበትም። መጽሐፉን ስሰማ ቡናው ከገነፈለብኝ ጥሩ ነበር ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ስድስተኛ ዐምድ ጨመርኩ፤ «ጀበና» ብዬ።

መስከረም 21

መርካቶ ሄጄ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘጠኝ መጽሐፍ ገዛሁ። አንዱ ሽማግሌ ሻጭ «የፍቅር መጽሐፍ» ስላቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የኔ እመቤት፣ የፍቅር ነው ወይስ የለቅሶ?» አሉኝ። ልዩነቱን ስጠይቃቸው «እኔ ዘንድ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያሉት» ብለው ከታችኛው ረድፍ ያወርዱልኝ ጀመር። ሒሳቡን ሳንጨርስ ሦስቱን ፍጻሜያቸውን ነገሩኝ። ሦስቱም ቀብር ነበሩ።

አንድ ደንብ ልጨምር። አዲስ መጽሐፍ ሆኖ ካልወደድኩት ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ። ሰው ሁለት ዓመት ደክሞ የጻፈውን እኔ ቡና ላይ ተቀምጬ በስሙ ማዋረድ አይሆንልኝም። አንጋፋዎቹ ግን ይችሉታል፤ ከእኔ የከፋ አንባቢ አሳልፈዋል።

ጥቅምት 15

ቁጥር 1፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»። ከመነሻው ልጀምር ብዬ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ የዘርፉ ስም ራሱ ከእሱ ርዕስ የወጣ ነው። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ይበልጥ ታወቀ።

ለትምህርት ስናነበው እንደ ታሪካዊ ሰነድ ነበር የያዝነው፤ ፍቅር አለበት ብሎ የነገረን አልነበረም። አለበት እንጂ! ዋሕድና ጦቢያ መንትዮች ናቸው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፣ አንድ ደግ ነጋዴ ያስለቅቀዋል፣ ዋሕድ ውለታ ሊመልስ ወጥቶ ለባርነት ይዳረጋል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ወንድ መስላት በጦቢያ ፍቅር ትወድቃለች። እዚህ ላይ እናቴ «እንግዲህ ጉድ ፈላ!» ብላ ወደ እኔ ተጠጋች። ቡናው ግን አልገነፈለም፤ ገና ማፍላቷ ነበር።

መጨረሻው ሁለት ሠርግ ነው። ጦቢያ ንጉሡን፣ ዋሕድ ያቺን የንጉሡን ዘመድ። እናቴ ፍንጃሉን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ አነሳች፤ ከዚህ ማስታወሻ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፦ «የእኛ መጽሐፍ በሠርግ ከጀመረ ምን አግኝቶት ወደ ቀብር ሄደ?»

ታሪክ 14፣ ሰዎቹ 9፣ ቋንቋ 18፣ ፍጻሜ 16፣ እንባ 0። ሰዎቹ 9 ያገኙት ሁሉም ከመጠን በላይ ቆንጆዎች ስለሆኑ ነው። የጦቢያን መልክ ሲያወድስ ዓረፍተ ነገሩ አራት ነጥብ እምቢ ይለዋል፤ እኔ በአራሚ ዐይን ስከታተል ትንፋሽ አጠረኝ።

ኅዳር 4

ቁጥር 2፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የልብ ሐሳብ»፣ 1923 ዓ.ም.። የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ነው ታሪኩ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይሞግታል፤ በዚያ ዘመን ያንን መጻፍ ቀላል አልነበረም። በሐሳቡ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ግን ምክር እንጂ ፍቅር አላገኘሁበትም። ሁለቱ ተጋቢዎች አንድም ጊዜ ተሳስተው ቢናደዱ፣ አንድም ጊዜ የማይረባ ነገር ቢያወሩ ደስ ባለኝ። እናቴ «ልክ እንደ ንስሐ አባታችን» አለች። ጀበና፣ የለም።

ነጥቡን ደምሬ ሳየው ግን ወረቀቱ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። የልብ ሐሳብ 61 አገኘ፤ ባለፈው ሳምንት በግማሽ ልብ የጨረስኳቸው ቁጥር 3 እና ቁጥር 4፣ ሁለቱም አዲስ፣ 63 እና 60። ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ውጤት ካገኙ ሚዛኑ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ኅዳር 19

ሚዛን ቀየርኩ። አምስቱን ዐምድ በእርሳስ ሰርዤ አንድ ብቻ አስቀመጥኩ፦ ሁለቱ ፍቅረኞች ለብቻቸው ሆነው የሚነጋገሩበት ገጽ ስንት ነው? ሲያለቅሱ፣ ደብዳቤ ሲያቃጥሉ፣ መስኮት ላይ ቆመው ሲያስቡ አይቆጠርም። ሲነጋገሩ። በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጭረት አደርጋለሁ።

ይህ የመጣልኝ ቁጥር 4ን መልሼ ስገልጥ ነው። መጽሐፉ 287 ገጽ አለው። ፍቅረኞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በ11 ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ገጽ «ለምን እንዲህ አደረግሽኝ?» ነው። በቀረው 276 ገጽ ልጁ ለጓደኛው፣ ልጅቱ ለእህቷ፣ ደራሲው ለእኛ ያወራሉ። ለሁሉም ሰው ከተነገረ በኋላ ለባለቤቱ የሚደርስ ፍቅር ነው።

ታኅሣሥ 2

ቁጥር 5። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀመርን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሁለት ሳምንት ያልኩት ሥራ ሁለት ወር እንደሚፈጅ በመጀመሪያው ማታ ገባኝ፤ ምክንያቱም እናቴ ታቋርጠኛለች። ይህን መጽሐፍ በራዲዮ ነው የምታውቀው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው። ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው የምታወዳድረኝ። የፊታውራሪ መሸሻን ንግግር ሳነብ «ይኼ ድምፅ ከደረትሽ ይምጣ! ጉሮሮሽ ላይ ቀረ እኮ» ትለኛለች። ወጋየሁን ከሚያህል ሰው ጋር በቤቴ ለውድድር እቀርባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 23

የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ የመውለድ ነገር ረጅም ነው፤ አዲስ አንባቢ እዚያ ላይ ሊተወው ይችላል። እናቴ ግን ወደ መንደራቸው ወደ ማንኩሳ የገባነውን ቀን እንደ ዘመድ ጥየቃ ነው የቆጠረችው። ስለት የተሳሉበት ልጅ፣ በዛብህ፣ ገና ከመወለዱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ጋብቻ ለእሱ ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው። ደራሲው ይህን በር ዘግቶ ቁልፉን እያሳየን ነው መጽሐፉን የሚያስኬደው።

ጥር 6

የመጀመሪያው የጀበና ምልክት! በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለወንጌልን ፊደል ሊያስተምር ቤታቸው ገባ። እናቴ ራከቦቱን ይዛ ቀረች፤ ቡናው ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው፣ ቤቱ በጭስና በዐመድ ታጠነ። «ቀጥይ፣ ቀጥይ» አለችኝ እያሳለች።

ጭረቴን ስቆጥር የገባኝ ነገር አለ። ይህ ትልቅ መጽሐፍ ፍቅረኞቹን የሚያገናኘው በትምህርት ነው። ለመነጋገር ሰበብ አላቸው። ፊታውራሪው በዘር የሚስተካከላት ባል አጥተው በቤት ካስቀመጧት ልጅ ፊት ለፊት የተቀመጠው የድሃ ልጅ መምህሯ ነው፤ ክብሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ዐይን ለዐይን ተያይተው አይደለም የተዋደዱት። ሲሠሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲተራረሙ ነው። እኔ አራሚ ስለሆንኩ ይሆናል፤ እርማት ውስጥ ፍቅር ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ልቤን ነካው።

የካቲት 1

ጨረስነው። ጀበናው በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ገነፈለ፤ በትምህርቱ፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪውን ሲማርኩ፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ። እናቴ መጨረሻውን ከ40 ዓመት በላይ ታውቀዋለች፤ ያም ሆኖ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እኔም አለቀስኩ። ግን እውነቱን ለመጻፍ፣ ያለቀስኩት ለበዛብህና ለሰብለ አልነበረም። ለጉዱ ካሳ ነው። ዓለሙን ከሁሉም ቀድሞ ተረድቶ ማንም ያልሰማው ያ ሰው፣ በመጨረሻ የሁለት ሰዎች መቃብር ሦስተኛ ሆነ። ይህ እንደ ፍቅር ልብ ወለድ ሲቆጠር መጽሐፉን ያስነሳዋል ወይስ ይጥለዋል? አላወቅሁም። ወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

የካቲት 20

ቁጥር 6፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»፣ 1962 ዓ.ም.። አበራ ወርቁ በሂሩትና በሉሊት መካከል፣ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛና በሸራው መካከል። ፍቅሩ ከልቡ ሥዕል ጋር የታሰረ ስለሆነ ሁለቱን ሴቶች በደንብ ሳላውቃቸው ቀረሁ የሚል ስሜት አለኝ። እናቴ «ይኼ ልጅ የሚወደው ራሱን ነው» አለች፤ ደራሲውም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ጀበና የለም። የካቲት በሥራ ብዛት እንዲሁ ሄደ።

መጋቢት 25

አዲሶቹን በአንድ ወር ውስጥ አጨድኳቸው፤ ከቁጥር 7 እስከ 12፣ ስድስት ስስ መጻሕፍት። ሁለቱ ደስ የሚሉ ነበሩ። ቁጥር 8 ስለ ሁለት የታክሲ ረዳትና የጀብሎ ሻጭ ወጣቶች ነው፤ ፍቅረኞቹ ስለ ዕቁብ ሲከራከሩ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያልፋል፣ እኔ ደግሞ ምን ያህል እንደሚዋደዱ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ደራሲው ሌላ መጽሐፍ ከጻፈ በመጀመሪያው ቀን እገዛለሁ።

የቁጥር 9 ነገር አስቂኝ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ የወሰድኩት ቅጂ ልክ ልጅቱ በሩን ስትከፍት ቆመ። ከገጽ 208 በቀጥታ ወደ 225 ዘለለ። እንዳየሁት ነገሩ ገባኝ፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፣ ይህ ቅጂ ሲጠረዝ አንዱ እጥፍ ሙሉ ሳይገባ ቀርቷል። እናቴ ግን የሙያ ማብራሪያ አልፈለገችም። «በሩ ላይ ማን ነበር?» ብላ ሦስት ቀን ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ሌላ ቅጂ ፈልጌ አነበብኩላት። አከራይዋ ነበረች።

አሁን ወደ ቁጥር 11። ቀይ ሽፋን፣ ጽጌረዳ፣ 312 ገጽ። ከአሜሪካ የሚመለስ ባለሀብት አውሮፕላን ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ አንድ ጊዜ አይቶ ይወዳታል። ከቦሌ ሲወጡ የመኪና አደጋ፤ ልጁ የማስታወስ ችሎታውን ያጣል። ከዚያ ሀብታም እናት፣ ክፉ እጮኛ፣ የተሰረቀ ደብዳቤ። ሁለቱ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ገጽ ሦስት ነው፤ ሦስቱም አውሮፕላን ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ስለ ቀበቶ ነው። ልጁ በየምዕራፉ ፊቷን አይቶ «የት ነው የማውቅሽ?» ይላል፤ እሷ በየምዕራፉ አልቅሳ ትሮጣለች። ለምን እንደማትነግረው ደራሲው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ገጽ 94 ላይ እናቴ ፀጥ አለች። አንቀላፍታለች ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጀበናው ከምድጃው ላይ በሰላም ወርዶ ነበር። ቀሪውን ለብቻዬ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፤ ለመጥላት እንኳ መጨረስ ግዴታ ነው። ወረቀቱ ላይ ትልቅ «ታች» ጻፍኩበት።

ሚያዝያ 16

ቁጥር 13፣ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»። በተማሪነቴ አንብቤው ራሴን በአቤል ቦታ አድርጌ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ትዕግሥትን ከሩቅ የሚወድ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ። አሁን በ38 ዓመቴ ሳነበው በሚዛኔ መሠረት መውደቅ ነበረበት፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ነገር ሁሉ አለመነጋገር ነው። ግን አልወደቀም። እዚህ ዝምታው የደራሲው ስንፍና አይደለም፤ የታሪኩ በሽታ ነው። ሁሉም በዙሪያው ያሉ ጓደኞቹ ያዩታል፣ ሊያክሙት ይሞክራሉ። እናቴ ትዕግሥቷ አልቆ «ተናገራት እንጂ አንተ ልጅ!» ብላ ከበርጩማዋ ተነሳች። ጀበናው ስላልገነፈለ የአቤል ዕድል ነው፤ ተነስታ ስለነበር ሰማችው።

ስለዚህ በሚዛኑ ላይ ማሻሻያ፦ ዝምታ ከሆነም ምክንያት ያለው ዝምታ ይሁን።

ግንቦት 22

ቁጥር 14፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»።

በቤታችን ይህ መጽሐፍ የራሱ ታሪክ አለው። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ በቀናት ውስጥ ከገበያ ሲሰበሰብ አባቴ አንድ ቅጂ ነበረው። እናቴ በዱቄት ጆንያ ውስጥ ደበቀችው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እናቴ «ያን ዱቄት ለረጅም ጊዜ አልጋገርኩትም» ትላለች። ቅጂው እስከ ዛሬ አለን፤ ገጾቹ መካከል አሁንም ነጭ ነገር ይበናል።

ሰዎች ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወሩ ስለ ፖለቲካው ነው፤ በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ በስም ተሸፍነው ስለቀረቡት ባለሥልጣናት። እኔ ግን በእርሳሴ የምቆጥረው ፀጋዬ ኃይለማርያምንና ፊያሜታ ጊላይን ነው። ጭረቱ በዛብኝ። ይቀላለዳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዋሻሻሉ፣ ስለ ከተማው ያወራሉ። አስመራ ራሷ በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ትቀመጣለች። እሱ የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው፤ እሷ የከተማው ልጅ ናት፤ እያንዳንዱ ጨዋታቸው ከሥሩ «አንተ የማን ነህ? አንቺስ?» የሚል ጥያቄ አለው። የፍቅር ንግግር እንዲህ አደጋ ሲኖረው ነው የሚጥመኝ።

እናቴ ጀበናውን አስገነፈለች፤ አንድ ጊዜ። ግን ስትጠርገው «አዲስ አበባ ለቀረችው ለሮማንስ ማን ያልቅስላት?» አለችኝ። እጮኛው ሮማን። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ፊያሜታ በሳቀች ቁጥር ሮማን ትዝ ትለኛለች።

ሰኔ 18

ትናንት የእናቴ ቀኝ ዐይን ተሠራ። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላት። ዛሬ ጠዋት መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ «አርጅተሻል» አለችኝ። ከዚያ የግድግዳውን ቀለም ጠየቀች፣ ከዚያ የነርሷን ጫማ አመሰገነች። የዐይን ጠብታ በየአራት ሰዓቱ አለባት፤ ጭስ አጠገብ መቀመጥ፣ ማጎንበስ ተከልክላለች። ስለዚህ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ፤ ስድስተኛው ዐምድ ለጊዜው ባዶ ይሆናል። እኔ ያፈላሁት ቡና ላይ የሰጠችውን ነጥብ አልጽፍም።

ሐምሌ 12

ቁጥር 15፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»፤ ነቢይ መኮንን የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ። ነቢይ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ይህን ለእናቴ ስነግራት መጽሐፉን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው፤ ምንም አላለችም።

ቋንቋው እንደ ወንዝ ይወስዳል። በጭረት ከሄድን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሁለቱ ፍቅረኞች ስካርሌትና ሬት ሲነጋገሩ ከመጽሐፉ ውስጥ ብልጭታ ይወጣል። እንደዚህ የሚጣሉ ሁለት ሰዎች በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ባገኝ ምንኛ በታደልኩ። ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 የታተመው ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ ደቡብ የባሪያ አሳዳሪዎችን ዓለም በናፍቆት ነው የሚያየው። ባሮቹ ጌቶቻቸውን ከራሳቸው በላይ የሚወዱ ተደርገው ተስለዋል። እስረኛ ሆኖ ይህን ሲተረጉም ነቢይ እዚያ ገጽ ላይ ምን ያስብ ነበር እያልኩ ነው ያነበብኩት። ፍቅሩ እየጣፈጠኝ ከዓለሙ እየራቅሁ፣ እንዲሁ ጨረስኩት። ለምርጫ አላቀርበውም፤ ከዝርዝሩም አላወጣውም።

ነሐሴ 11

ግራ ዐይኗም ተሠራ። ከቁጥር 16 እስከ 19 አራት አዲስ መጻሕፍት አነበብኩ፤ ሁሉም መካከለኛ፣ ስለ አንዳቸውም የምለው ብዙ የለኝም። ቁጥር 17 ላይ 43 የፊደል ስህተት አገኘሁ፤ ይህ ማስታወሻ የፍቅር ስለሆነ ግን አለፍኩት። 24 አልሞላም። 19 ላይ እቆማለሁ።

ነሐሴ 29

ምርጫው። ሁለት ሌሊት ወረቀቱን ሳገላብጥ ቆየሁ።

የዓመቱ ምርጤ «ኦሮማይ» ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከእሱ የሚያንስ መጽሐፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ግን እኔ የምፈልገው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ፍቅሩን ወስዶ አገሩን ሁሉ ያሳየበታል፤ እኔንም ለጉዱ ካሳ አስለቀሰኝ። «ኦሮማይ» አገሩን ሁሉ አምጥቶ በሁለት ሰዎች ንግግር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ለትምህርቱ ምዕራፎች ብቻ እንኳ። ሦስተኛ ቁጥር 8፣ ለዕቁቡ ጭቅጭቅ።

ከአንጋፋዎቹ የታችኛው «የልብ ሐሳብ»፤ በሐሳቡ ሳይሆን በፍቅሩ። ከሁሉም በታች፣ ያለ ክርክር፣ ቁጥር 11። ቀይዋ። ሦስት ገጽ ንግግር፣ አንዱ ስለ ቀበቶ።

ለእናቴ ሳነብላት ስለ «ኦሮማይ» «ሮማንን ጠይቂያት» አለች። ስለ ቁጥር 11 ምንም አላለችም። «ያቺን ቀይዋን የት አደረግሻት?» ብላ ብቻ ጠየቀች። መጽሐፉን ለሚፈልግ ለመስጠት በር አጠገብ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ጳጉሜን 3

ከሥራ ስገባ ቤቱ የተቃጠለ ቡና ይሸታል። ሮጬ ገባሁ። ምድጃው በዐመድና በቡና አተላ ጠቁሯል፤ ጀበናው ባዶውን ፍም ላይ ቆሟል። እናቴ መስኮቱ አጠገብ በአዲሱ መነጽሯ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ቀይዋ። ከገጽ 250 አልፋለች።

ጀበናውን በጨርቅ ይዤ አወረድኩት። ከዚያ «እማዬ፣ ይኼን መጽሐፍ እኮ መጋቢት ላይ አንቀላፍተሽበታል» አልኳት።

«አላንቀላፋሁም» አለች ዐይኗን ከገጹ ሳታነሳ። «አንቺ እያፌዝሽ ስታነቢልኝ ደክሞኝ ነው ዝም ያልኩት። ልጁ ሲናገር ድምፅሽን እንደ ሞኝ ድምፅ ታደርጊው ነበር። ልጅቱ ስታለቅስ ትቸኩያለሽ። እንደዚያ ከተነበበ የትኛው መጽሐፍ ይተርፋል?»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። 19 መጽሐፍ፣ 15ቱ በእኔ ድምፅ። ወጋየሁ ቀይዋን ቢያነብላትስ? ሐዲስን ያነበብኩት እሱን ለመምሰል እየጣርኩ ነበር፤ «ኦሮማይ»ን በአባቴ ቅጂ፣ በሹክሹክታ። ቀይዋን በአራሚ ድምፅ። እርሳሱን አንስቼ በቁጥር 11 ፊት ለፊት፣ ስድስተኛው ዐምድ ውስጥ፣ አንድ ጭረት አደረግሁ። «ታች» የሚለውን አልሰረዝኩትም። ሁለቱም እዚያው አሉ።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም? አውሮፕላን ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ ብትለው በገጽ 40 ያልቅ ነበር እኮ» አልኳት።

እናቴ ጣቷን አነሳች።

«ዝም በይ፤ አሁን ሊያውቃት ነው።»